ልጆችዎ የሚቀመጡበትን የመኪና ወለል አይተውታል?

አንባቢያችን ሆይ፣ ቤትዎን በየጠዋቱ ይጠርጋሉ፤ ምንጣፉን አውጥተው ያራግፋሉ፤ ከአልጋ ሥርና ከምድጃ ኋላ የተደበቀውን አቧራ ሳይቀር ፈልገው ያወጣሉ። ነገር ግን በቤትዎ አሮጌ መኪና ካለና ልጆችዎ በእርሱ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነ፣ የመኪናውን ምንጣፍ ገልጠው ከሥሩ ያለውን ብረት ያዩት መቼ ነው? «ይህስ የመካኒክ ሥራ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይሉ ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ አባባል ትክክል አለመሆኑን ያሳያል ብለን እናምናለን።

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ የቡን ያገኛሉ። የቡ የማና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ዙሪያዋን ቡና የከበባት ናት። ለቡናው የተመቸው ዝናብ ግን ለብረት አይመችም። በጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። ክረምቱ ሲገባ ቀዩ ጭቃ ከጎማ ወደ ሻንሲ እየተረጨ ይለጠፋል፤ ውስጡ ርጥበት እንደ ያዘም ይሰነብታል። እንዲህ ባለ አገር ሃምሳ ዓመት ያለፈው መኪና ይዞ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አንዲት የየቡ እናት አጫውተውናል። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁን «መምህርቷ» እያልን እንጠራቸዋለን።

መምህርቷ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የገዙትን ቮልስዋገን ከእርሳቸው ሞት በኋላ ራሳቸው እየነዱ ልጆቻቸውን ያደርሱበታል፤ የታመመ ጎረቤት ሲኖርም ወደ ጅማ ይወስዱበታል። ባለፈው ክረምት ከኋላ የተቀመጠችው ትንሿ ልጃቸው፣ «እማዬ፣ እግሬ ረጠበ» አለቻቸው። «ከበሩ የገባ ዝናብ ነው ብዬ ጨርቅ ደርቤ አነጠፍኩላት» ይላሉ መምህርቷ። «በሳምንቱ ያው ጨርቅ ሾልኮ ጠፋ። ምንጣፉን ብገልጠው መንገዱ ከሥር ታየኝ። ልጄ እግሯን አሳርፋ የምትሄደው ለካ በምንጣፍ ላይ ብቻ ኖሯል!»

ብዙ አንባቢዎቻችን ቮልስን በቅርቡ ያውቁታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን በብዛት መመረት ጀመረ፤ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በአገራችንም ታሪክ ውስጥ የገባ መኪና ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበር ይታወቃል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር አያስፈልገውም፤ ለመጠገንም ቀላል ነው። በነዚህ ምክንያቶች እስከ ዛሬ በከተሞቻችን ጎዳናዎች ይታያል።

አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት ደግሞ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሞከር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖችን ከውጭ ለማስገባት ከባድ ቀረጥ ጥሎባቸዋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ተነግሯል። ስለዚህ ያለውን መኪና በሚገባ ጠግኖ መያዝ የብዙ ቤተሰቦች ምርጫ ሆኗል። ጥያቄው የሚጠገነው እንዴት ነው የሚለው ነው።

ዝገት ምንድን ነው? ብረት ከውኃና ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚደርስበት መበላት ነው። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል። በመኪናዎ ላይ ቀለሙ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ቢያዩ፣ በሽታው ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ነው ማለት ነው። የቤትዎን ጣራ ያስታውሱ። ቆርቆሮው መጀመሪያ የሚበላው በምስማሩ ቀዳዳ ዙሪያና ውኃ በሚቆምበት እጥፋት ላይ ነው። በመኪናም እንዲሁ ነው፤ ውኃ ገብቶ መውጫ የሚያጣባቸው ባዶ ብረቶች ቀድመው ያልቃሉ።

ቮልስን በተለይ የሚጎዱት አራት ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ ወለሉ ነው። የቮልስ ወለል እንዲሁ ለመሸፈኛ የተደረገ ላሜራ ሳይሆን የሻንሲው አካል ነው። በመሐል እንደ አከርካሪ የሚያልፍ ወፍራም ቱቦ አለ፤ ግራና ቀኙ የወለል ላሜራ ከእርሱ ጋር ተበይዷል። የፊት ወንበሮች የሚንሸራተቱበት ሐዲድም ከዚሁ ወለል ጋር ነው የተያያዘው። ስለዚህ ወለሉ ሲያልቅ ወንበሩ የሚይዘው አይኖረውም። ድንገት ፍሬን ቢያዝ ወይም ግጭት ቢደርስ፣ ወንበሩ ከነተቀመጠበት ሰው ሊነቀል ይችላል።

ሁለተኛው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ያለው የባትሪ ቦታ ነው። ብዙ እናቶች ልጆቻቸው በባትሪ ላይ እንደሚቀመጡ አያውቁም። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ላሜራውን ከዝናብ ይልቅ ፈጥኖ ይበላዋል። ከዚህ የባሰም አደጋ አለ። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ እንደሆነ፣ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ የብረት ሞላ ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፎች ይነካል፤ ብልጭታው የወንበሩን ሙሌት ያቀጣጥለዋል። ይህ በቮልስ ላይ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የእሳት ምክንያት ነው። መከላከያው ግን ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ክዳንና ባትሪውን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ይበቃል።

ሦስተኛው በበሮቹ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፈው ባዶ ብረት ነው። ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚሄደው በእርሱ ውስጥ ነው፤ ከዚያም በላይ የመኪናውን አካል አጠንክሮ የሚይዘው እርሱ ነው። አየሩ የሚሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ስለሆነ፣ በዚያ ያለው ብረት ዝጎ ከተቀደደ የተቃጠለ ጋዝ ከሙቁ አየር ጋር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የከሰል ጭስ ቤት ዘግተው በተኙ ሰዎች ላይ የሚያደርሰውን እናቶች ያውቃሉ። ከመኪና የሚወጣውም ያው ሽታ የሌለው መርዝ ነው። ልጆችዎ በመኪና ውስጥ ራሳቸውን የሚያማቸው ወይም ያለ ወትሯቸው የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ መስኮቱን ከፍተው ወዲያው ያስመርምሩ።

አራተኛው የሻንሲው የፊት ጫፍ ነው። የፊት እግሩ በሙሉ የሚታሰረው በዚያ ነው። ከቤንዚን ታንኩ ሥር ስለሆነ ተደብቆ ይዝጋል፤ ከአሽከርካሪው ወንበር ሆኖ የሚያየውም የለም። ይህ ክፍል ከተበላ መሪው የሚታመን አይደለም።

ላንድሮቨር ላላቸውም አንድ ቃል እንጨምር። የላንድሮቨር የውጭ አካል አብዛኛው አሉሚንየም ስለሆነ አይዝግም፤ ባለቤቱም መኪናው ጤነኛ ይመስለዋል። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ውስጡም ባዶ ነው። ወደ ጎን የሚወጡት ክንዶችና የኋላው አግዳሚ ከውስጥ ይበላሉ። «ውስጡን ለቄስ» እንደሚባለው ነው።

ምርመራውን እርስዎ ራስዎ መጀመር ይችላሉ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው ምንጣፎቹን ሁሉ ያውጡ፤ የኋላውን ወንበር ያንሡ። ካቻቢቴ ይዘው የተጠራጠሩበትን ቦታ ጫን ጫን ያድርጉ። ጤነኛ ብረት አይበገርም፤ የዛገው ይሰረጉዳል ወይም ይበሳል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉትም ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ክሪክ ሲደረግ መኪናው ከመነሣት ይልቅ ብረቱ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ወይም በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ዝቅ ቢል፣ ነገሩ ሥር ሰዷል ማለት ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አይግቡ።

የባትሪ አሲድ ከፈሰሰ ባትሪው ወጥቶ ቦታው ቢካርቦኔት በተባለው የመጋገሪያ ሶዳ ይታጠባል። ሶዳውን በውኃ በጥብጠው ሲያፈሱበት አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሲያቆም በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። በዚህ ሥራ ጊዜ የላስቲክ ጓንት ማድረግና ልጆችን ማራቅ ያስፈልጋል።

ወደ የቡዋ መምህርት እንመለስ። መጀመሪያ ያማከሩት ባለሙያ ከውጭ ዞሮ አይቶ፣ «ችግር የለም፤ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፍነን ስቱኮ እንመታዋለን፤ ከሥር ጥቁር ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል። ከፈለጉም በዚሁ ይሸጡታል» አላቸው። ዋጋውም ትንሽ ነበር። ገዢ እንኳ ተገኝቶ ነበር፤ ሁለት ሕፃናት ያሉት ወጣት ባልና ሚስት።

«ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም» ይላሉ መምህርቷ። «ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር። ግን የኔ ልጅ ከነበረችበት ቀዳዳ የሌላዋን እናት ልጅ ላስቀምጥ ነው? ስቱኮውን እኔ አውቀዋለሁ፤ እርሷ አታውቀውም።»

በማግሥቱ ጅማ ወደሚገኙ ሌላ አረጋዊ ባለሙያ ሄዱ። እኒህ ሰው ከሁሉ በፊት ምንጣፉን አስወጡ። መምህርቷም፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መኪናው ይድናል ወይስ አይድንም?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌውም፣ «የኔ ልጅ፣ ይድናል። ግን የሞተው ብረት ተቆርጦ ካልወጣ አይድንም። በበሰበሰ ብረት ላይ አዲስ ብረት መበየድ በተቀደደ ጨርቅ ላይ እራፊ እንደ መጣፍ ነው፤ ስፌቱ የሚይዘው ያጣል» አሏቸው።

ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ይድናል። ብረቱ ከሳሳ ወይም ከተበሳ ግን ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ መውጣትና በእኩያው መተካት አለበት። ስቱኮ ለመልክ እንጂ ለጉልበት አይሆንም። የጣራ ቆርቆሮም ቢሆን ለዚህ ሥራ አልተሠራም። በጣም ስስ ነው፤ በላዩ ያለው ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጭስም የበያጁን ጤና ይጎዳል። የጅማው ባለሙያ ለወለሉ የመረጡት 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ነው።

ለቮልስ የሚሆን የወለል ላሜራ በውጭ አገር እስከ ዛሬ በአዲስ መልክ ይሠራል። በአገራችን ግን ብዙውን ጊዜ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ባለሙያው ከላሜራ ቆርጦና አጥፎ ይሠራዋል፣ ወይም ከወደቀ ሌላ ቮልስ ላይ ተቆርጦ ይመጣል። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች የሚፈለጉበት የታወቀ ሥፍራ ነው። ያገለገለ የሻንሲ ክፍል ሲገዙ ግን ቀለሙን አይመኑ፤ በካቻቢቴ ፈትነው፣ ደረሰኝ ተቀብለው ይውሰዱ። የታመመውን አውጥቶ ሌላ የታመመ ማስገባት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ሥራው ሲጀመር የሚከተሉት መፈጸማቸውን ቆመው ይመልከቱ። ባትሪው ይውጣ። የቤንዚን ታንኩ ወጥቶ ከሥራው ቦታ ይራቅ፤ የቤንዚኑ ቧንቧ በመሐሉ ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ እርሱም ባዶ ይሁን። ወንበርና ምንጣፍ በሙሉ ይነሣ። የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይኑር። የበሮቹ ሥር ብረት የሚቆረጥ ከሆነ፣ ከመቆረጡ በፊት አካሉ በጊዜያዊ ብረት ይወጠር፤ አለዚያ መኪናው ይጎብጥና በሮቹ ዳግመኛ አይገጥሙም። አንዱ ጎን ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው ጎን አይቆረጥ። ብየዳውም በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እየተደረገ ይሂድ፤ ላሜራው በሙቀት እንዳይጣመም ነው። ሳይበሱ ስስ ላሜራ ለመበየድ ከተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ይልቅ በጋዝ የሚታገዘው የሽቦ ብየዳ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር በመሐሉ ቱቦ ላይ ተመትቷል። ይህ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ያ ቦታ እንዳይቆረጥ፣ እንዳይፋቅ፣ በስቱኮም እንዳይሸፈን ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩት። ሻንሲውን በሙሉ መለወጥ ግድ ከሆነም፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ተሽከርካሪ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄደው ይጠይቁ። ዓመታዊው ምርመራ ደርሶ ቦሎ ለማሳደስ ሲሄዱ ከሚመጣ ጣጣ ያድንዎታል።

መምህርቷ ገንዘቡን ከየት አገኙት? ሥራውን በሦስት ከፈሉት። በመጀመሪያ ለሕይወት የሚያሰጋው ተሠራ፤ የባትሪው ቦታ፣ የኋላው ወለልና የወንበሮቹ ማሠሪያ። ለዚህ የእቁብ ዕጣቸው ደረሰላቸው። ከዚያ ቡና ተለቅሞ ከጓሯቸው የተገኘው ጥቂት ኪሎ ሲሸጥ የበሮቹ ሥር ብረት ተለወጠ። የፊቱ ጫፍ ሲመረመር ጤነኛ ሆኖ ስለ ተገኘ ተጠርጎ ጸረ ዝገት ብቻ ተቀባ። የውጭ ቀለሙ ግን ዛሬም ያው የጥንቱ ነው። «ሰው ሲያየው አሮጌ ነው ይላል» አሉን እየሳቁ። «ይበል፤ እኔ ከሥሩ ያለውን አውቃለሁ።»

ከባለሙያው ጋር ሲዋዋሉም አንዳንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። ሴት መኪና ይዛ ጋራዥ ስትገባ «ባለቤትሽ ይምጣ» ወይም «ወንድምሽን ላኪ» የሚላት አሁንም አይጠፋም። አይፈሩ። የሚሠራው ክፍል፣ የላሜራው ውፍረት፣ የእጅ ዋጋውና የሚያልቅበት ቀን በወረቀት ይጻፍልዎ። ከመጀመሩ በፊትና ቀለም ከመቀባቱ በፊት በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡ። «ቀለም ሳይቀባ ብየዳውን ልየው» ማለት መብትዎ ነው። ተቆርጦ የወጣውን አሮጌ ብረትም ይጠይቁ፤ መምህርቷ የተቀበሉትን የወለል ቁራጭ በእጃቸው ሲጨብጡት እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈርክሷል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ያለው እንክብካቤ ከቤት ሥራ የተለየ አይደለም። የብየዳው መጋጠሚያ ሁሉ ከላይም ከታችም ጸረ ዝገት ይቀባ፤ መገጣጠሚያው በማሸጊያ ይደፈን። በባዶዎቹ ብረቶች ውስጥ ዘይት ወይም ሰም መሰል መከላከያ ይረጭ። በበሮቹ ታችና በወለሉ ላይ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ይጥረጉ፤ የተደፈነ መውጫ ያለበት በር ውኃ እንደ እንስራ ይይዛል። በክረምት ጭቃውን ከጎማው በላይ ካለው ጉድጓድ በውኃ ያጥቡ። የረጠበ ምንጣፍ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ ቡናስ ርጥብ እንደሆነ ቢከመር ይሻግት የለምን? ብረትም እንዲሁ ነው። መስከረም ሲጠባ አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ወንበሩን አንሥተው ባትሪውንና ወለሉን ይመልከቱ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ጥገናው ከመኪናው ዋጋ በላይ የሚሆንበት ጊዜም እንዳለ መሸሸግ አይገባንም። የመሐሉ ቱቦ ራሱ ተበልቶ፣ የፊቱ ጫፍም የኋላውም እግር ማሠሪያ አልቆ ከሆነ፣ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን፣ በሮቹንና መስተዋቶቹን ለሌሎች ባለቤቶች መሸጥ ብልህነት ነው። ሲሸጡም የሆነውን ሁሉ ለገዢው ይንገሩ። ከሕፃን ሕይወት የሚበልጥ ትርፍ የለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። የመምህርቷ ትንሿ ልጅ ዛሬም ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። «እማዬ፣ መንገዱን ደፈኑት እኮ!» ብላ ማዘኗን እናቷ ነግረውናል፤ በቀዳዳው መንገዱ ሲሮጥ ማየት ትወድ ኖሯል። እርስዎም፣ አንባቢያችን፣ በዚህ ሳምንት ምንጣፉን ገለጥ ያድርጉ። ጤነኛ ብረት ካገኙ እሰየው፤ መንገድ ከታየዎት ግን አንድ ቀን እንኳ አይደሩ።